የነዳጅ ዋጋ ሲወደድ ሰዎች እንዴት ይቋቋሙታል? በአዳማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

የነዳጅ ዋጋ በተከለሰ ቁጥር አዳማ ውስጥ የሚነሡት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ናቸው። ባለ ባጃጁ፣ በየቀኑ ወደ ሞጆና ወደ ወንጂ የሚመላለሰው ሠራተኛ፣ ከመቂና ከቆቃ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመጣው ነጋዴ፣ ልጆቹን በሰርቪስ ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው ወላጅ፣ ሁሉም ኑሯቸውን ከአዲሱ ዋጋ ጋር እንዴት እንደሚያስታርቁ ይጠይቃሉ። ከዚህ በታች ጥያቄዎቹን በሚጠየቁበት አኳኋን አስቀምጠን፣ በሌሎች አገሮች ተመሳሳይ ችግር ሲደርስ ሕዝቡ ምን እንዳደረገና ከዚያ ውስጥ ለከተማችን የሚሆነው የትኛው እንደሆነ እያገናዘብን መልስ ሰጥተናል። የውጭ አገር ክስተቶች የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ የአገራችን ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

የዓለም ገበያ ሲረጋጋ እንኳ የእኛ የማደያ ዋጋ ለምን ይጨምራል?

ኢትዮጵያ የምትጠቀመውን ቤንዚንና ናፍጣ በሙሉ ተጣርቶ ያለቀለት ሆኖ ከውጭ ትገዛለች። ግዢው በውጭ ምንዛሪ ይፈጸማል፣ ነዳጁ ጅቡቲ ወደብ ላይ ይራገፋል፣ ከዚያም በቦቴ ተጭኖ ወደ አገር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በማደያው ላይ የሚለጠፈው ዋጋ የዓለም ዋጋ ብቻ ሳይሆን የብር ምንዛሪ፣ የማጓጓዣ ወጪ፣ የታክስ እና የአከፋፋዩ ድርሻ ድምር ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በዶላር የሚገዛው ነዳጅ በዓለም ገበያ አንድ ሳንቲም ባይጨምርም እንኳ በብር ሲሰላ መወደዱ የማይቀር ነበር።

ሌላው ምክንያት ድጎማው ነው። መንግሥት ለረጅም ጊዜ የዓለም ዋጋና የማደያ ዋጋ ልዩነትን ራሱ ይሸከም ነበር። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ግን ድጎማው ለሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ብቻ እንዲሰጥና እርሱም በየደረጃው እንዲቀንስ ተወሰነ። በዚያው ሰሞን አንድ ሊትር ቤንዚን ከ36 ብር ከ87 ሳንቲም ወደ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ከፍ አለ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ100 ብር አለፈ። በሦስት ዓመት ውስጥ ዋጋው ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው፤ የአብዛኛው ቤተሰብ ገቢ ግን በዚያው ልክ አላደገም።

መኪና የለኝም፤ የነዳጅ ዋጋ እኔን የሚነካኝ በምን በኩል ነው?

ከሁሉም በፊት በምግብ በኩል ነው። በአዋሽ ዳርና በቆቃ ዙሪያ የሚመረተው አትክልት ገና ከማሳው ሳይነሣ ነዳጅ በልቷል። ገበሬው ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ ውኃ የሚስበው በብዙ ቦታ በቤንዚን ወይም በናፍጣ በሚሠራ ፓምፕ ነው፤ ማሳው በኪራይ ትራክተር ይታረሳል፤ ምርቱ በአይሱዙ ተጭኖ ወደ አዳማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ከጅምላ ገበያው ወደ ጉሊት ደግሞ በባጃጅ ወይም በጋሪ ይደርሳል። በእነዚህ እጆች ሁሉ ውስጥ ያለፈው የነዳጅ ወጪ መጨረሻ ላይ የሚከፈለው ጉሊት ቆማ አንድ ኪሎ ሽንኩርት በምታስመዝነው እናት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይስተዋል ነገር አለ። የነዳጅ ዋጋ በይበልጥ የሚጎዳው ክብደታቸው ብዙ፣ ዋጋቸው ግን ትንሽ የሆኑ ሸቀጦችን ነው። አንድ ኩንታል ቡናና አንድ ኩንታል ድንች እኩል መንገድ ቢሄዱ የሚከፍሉት ጭነት ተቀራራቢ ነው፤ ያ ጭነት በቡናው ዋጋ ውስጥ እምብዛም አይታይም፣ በድንቹ ዋጋ ውስጥ ግን ጎልቶ ይወጣል። ድሃው በብዛት የሚገዛው ደግሞ ድንቹን፣ ሽንኩርቱን፣ ጎመኑንና ከሰሉን ነው። መኪና የሌለው ሰው የነዳጅ ጭማሪ አይመለከተውም የሚባለው አነጋገር ስህተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ሰንሰለት ከምንጩ ለማላላት የተሞከረው አንዱ መንገድ የመስኖ ፓምፖችን በፀሐይ ኃይል መተካት ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2019 ለገበሬዎች የፀሐይ ፓምፕ መግዣ ከፊል ወጪ የሚሸፍን አገር አቀፍ መርሐ ግብር ጀምራለች። የመነሻ ዋጋው ከባድ በመሆኑ አንድ ገበሬ ብቻውን አይወጣውም፤ በማኅበር ተደራጅተው በጋራ ለሚያጠጡ ገበሬዎች ግን ፀሐይ በማይጠፋበት በስምጥ ሸለቆ ከዚህ የተሻለ የረጅም ጊዜ መፍትሔ ያለ አይመስለንም።

ነዳጅ ሲጨምር የባጃጅና የሚኒባስ ታሪፍ ምን ያህል ቢጨምር አግባብ ነው?

ተሳፋሪውም አሽከርካሪውም በዚህ ጉዳይ ስለሚጋጩ ስሌቱን ግልጽ ማድረግ ይጠቅማል። አንድ ባለ ባጃጅ ከሚያገኘው ከእያንዳንዱ 100 ብር 40 ብሩን ለቤንዚን ያወጣል እንበል። ቤንዚን በ10 በመቶ ሲጨምር በዚያው ሥራ ላይ የሚጨምርበት ወጪ 4 ብር ነው። ስለዚህ ታሪፉ በ4 በመቶ ገደማ ቢስተካከል አሽከርካሪው ከበፊቱ አይጎዳም። ነዳጅ በ10 በመቶ ስለጨመረ ታሪፉም በ10 በመቶ ይጨምር የሚለው ክርክር ተሳፋሪውን ይጎዳል፤ ምንም አይጨምር የሚለው ደግሞ አሽከርካሪውን ትርፍ ወደ መጫንና መንገድ ቆርጦ ወደ መመለስ ይገፋዋል።

ሆኖም ለአሽከርካሪው ፍትሐዊ ለመሆን ሁለት ነገሮች መታወስ አለባቸው። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፊልትሮና ሌላውም መለዋወጫ ከውጭ ስለሚመጣ ከምንዛሪው ጋር አብሮ ይወደዳል። ከዚህም በላይ የሚከብደው ሰልፉ ነው፤ ማለዳ ማደያ ደርሶ እስከ ቀትር የቆመ ባለ ባጃጅ የግማሽ ቀን ገቢውን አጥቷል፣ ይህም በሊትር ላይ ከተጨመረው ብር በእጅጉ ይበልጣል። ከብዙ አሽከርካሪዎች ጋር ስንነጋገር የምንረዳው፣ ውድ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚገኝ ነዳጅ ርካሽ ሆኖ ከሚጠፋ ነዳጅ እንደሚሻላቸው ነው። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2022 ታሪፉን በአንድ ጊዜ ከማናር ይልቅ ጂፕኒ ለሚባሉት የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ባለቤቶች ለእያንዳንዳቸው 6,500 ፔሶ የነዳጅ ድጋፍ መስጠትን መርጣ ነበር።

ሌሎች መንግሥታት ዋጋ ሲጨምሩ ሕዝባቸውን እንዴት ረዱ? ያልረዱትስ ምን ገጠማቸው?

ከሁሉም ትምህርት የሚሰጠው የኢራን ታሪክ ነው፤ ምክንያቱም ያው አንድ አገር ያንኑ ሥራ በሁለት መንገድ ሠርቶታል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ኢራን የነዳጅና የዳቦ ድጎማዋን ስታነሣ፣ ከዋጋው ጭማሪ አስቀድማ በየቤተሰቡ የባንክ ሒሳብ ገንዘብ አስገባች። ገንዘቡ በሒሳቡ ላይ ይታያል፣ ነገር ግን አዲሱ ዋጋ ሥራ ላይ እስከሚውልበት ቀን ድረስ አይወጣም። ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰው በየወሩ 455,000 ሪያል ይከፈል ጀመር። ዋጋው በብዙ እጥፍ ቢጨምርም በዚያን ጊዜ አገር አልተናወጠም፤ ሰው የሚያጣውንና የሚያገኘውን ጎን ለጎን አይቶታልና። ኋላ ላይ የዋጋ ንረት የዚያን ገንዘብ ጥቅም እየሸረሸረው ሄደ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ያው መንግሥት የአንድ ሊትር ቤንዚንን ዋጋ ያለ ማስጠንቀቂያ በአንድ ሌሊት ከ10,000 ወደ 15,000 ሪያል ሲጨምርና ከወር ኮታ በላይ ለሚቀዳው 30,000 ሲያስከፍል፣ ተቃውሞው አገሪቱን አዳረሰ፣ ደም ፈሰሰ፣ ኢንተርኔትም ለቀናት ተቋረጠ።

ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 2022 በድጎማ የሚሸጠውን ቤንዚን ከ7,650 ወደ 10,000 ሩፒያ ስታሳድግ፣ 20.65 ሚሊዮን ለሚሆኑ ድሃ ቤተሰቦች ለእያንዳንዳቸው 600,000 ሩፒያ በሁለት ዙር ሰጥታለች። ተቃውሞ አልቀረም፣ ነገር ግን ውሳኔው ጸንቷል። በአንጻሩ ኢኳዶር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 ድጎማውን ያለ በቂ ዝግጅት ስታነሣ ነባር ሕዝቦች ወደ ዋና ከተማዋ ወጥተው፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ መንግሥት ውሳኔውን ሻረ። በናይጄሪያ አዲሱ ፕሬዚዳንት እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 2023 በበዓለ ሲመታቸው ንግግር ድጎማው መቅረቱን ሲናገሩ፣ ከ200 ናይራ በታች የነበረው ቤንዚን በቀናት ውስጥ ወደ 500 ናይራ ገደማ ዘለለ፤ ለድሆች የታሰበው ድጋፍ ግን ከዋጋው ዘግይቶ መጣ።

የእኛም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ሥራ ያቆሙት በዓለም የነዳጅ ቀውስ ምክንያት በተጨመረው የቤንዚን ዋጋ ነበር፤ መንግሥት ዋጋውን መልሶ ቢቀንስም የተነሣው ማዕበል አልቆመም። እነዚህን ሁሉ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ለሚመለከት ሰው ልዩነቱን የፈጠረው የጭማሪው መጠን ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። ድጋፉ ከጭማሪው በፊት ሲደርስ ሕዝብ ይችላል፤ ከጭማሪው በኋላ የሚሰጥ ተስፋ ግን አያረጋጋም።

ቦቴዎች በከተማችን አቋርጠው እያለፉ ማደያዎቻችን ለምን ይደርቃሉ?

አዳማ በጅቡቲ መስመር ላይ መገኘቷ ነዳጁ የእርሷ ነው ማለት አይደለም፤ የእያንዳንዱ ቦቴ ጭነት ከወደቡ ሲነሣ መድረሻው ተወስኖለታል። እጥረቱ በአብዛኛው የሚባባሰው ግን የዋጋ ክለሳ ይመጣል ተብሎ በሚጠበቅባቸው ቀናት ነው። ዋጋው በመንግሥት ስለሚወሰንና የሚከለስበት ጊዜ ስለሚገመት፣ ነዳጅ ያለው ሰው ነገ በተሻለ ዋጋ ለመሸጥ ይይዘዋል፣ ነዳጅ የሚፈልገው ደግሞ ሳይጨምር ለመቅዳት በአንድ ጊዜ ይወጣል። የሁለቱ ግፊት ሲገናኝ ለሳምንት የሚበቃው ነዳጅ በአንድ ቀን ያልቃል።

ሰልፍን በማሳጠር ረገድ በቅርብ ጊዜ ጎልቶ የሚጠቀሰው የስሪላንካ ተሞክሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ አልቆባት ሰዎች በመኪናቸው ውስጥ እያደሩ ለቀናት ይሰለፉ ነበር። በሐምሌ ወር መንግሥት ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ በስልክ የሚያዝ የኪውአር ኮድ ሰጥቶ ሳምንታዊ መጠን ወሰነ፤ ሲጀመር ለሞተር ሳይክል 4 ሊትር፣ ለባለ ሦስት እግር 5 ሊትር፣ ለመኪና 20 ሊትር ነበር። ቀጂው ኮዱን ሲያነብ የቀረው መጠን ይታየዋል፤ ያው ተሽከርካሪ ወደ ሌላ ማደያ ሄዶ ደግሞ መቅዳት አይችልም። መጠኑ ትንሽ ቢሆንም ሰው ድርሻው እንደማይወሰድበት ስላመነ ሰልፉ እየቀለለ መጣ። በአገራችንም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በሌሎች ዲጂታል መንገዶች እንዲፈጸም ስለተደረገ የማን ተሽከርካሪ ምን ያህል እንደቀዳ የሚያሳይ መሠረት አለ፤ ይህ መረጃ ከቁጥጥር አልፎ ሰልፍን ለመከፋፈል ቢውል ለባለ ባጃጆች ትልቅ እፎይታ በሆነ ነበር።

ከሁሉም ቀላሉና ርካሹ የመቋቋሚያ መንገድ የትኛው ነው?

ባዶ ወንበርን መሙላት ነው። አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፣ የውጭ ምንዛሪም አያስፈልገውም።

አንድ ሰው ብቻውን የሚነዳት የቤት መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ብትፈጅ ስምንቱም ሊትር የዚያ ሰው ነው። 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ በዚያው ርቀት 12 ሊትር ቢፈጅ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 1 ሊትር ነው። አራት የሥራ ባልደረቦች ወደ ሞጆ በየመኪናቸው ከሚሄዱ ተራ ገብተው በአንዱ መኪና ቢሄዱ፣ የነዳጅ ዋጋ በአራት እጥፍ ቢጨምር እንኳ የእያንዳንዳቸው ወጪ ከበፊቱ አይበልጥም። ማንኛውም የሞተር ማስተካከያና የአነዳድ ዘዴ እዚህ ቁጥር አጠገብ አይደርስም።

በዚህ ረገድ ኩባውያን ያደረጉት ነገር በቅርበት ሊታይ ይገባዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ ወደ ኩባ የሚመጣው ርካሽ ነዳጅ ተቋረጠ፣ አውቶቡሶችም ቆሙ። መንግሥት በየከተማው መውጫ ቢጫ የደንብ ልብስ የለበሱ ሠራተኞችን አቆመ። ሠራተኛው የመንግሥት ሰሌዳ ያለው መኪና ሲያይ እጁን ያነሣል፣ መኪናው ባዶ ወንበር ካለው መቆም ግዴታው ነው። መንገደኞች በተራ ተመዝግበው ይጠብቃሉ፤ ሠራተኛው ሾፌሩን ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቀዋል፣ ወደዚያ የሚሄዱትን በተራቸው ጠርቶ ያሳፍራቸዋል። መኪናው የማንኛውም መሥሪያ ቤት ይሁን፣ ውስጡ የተቀመጠው ሹምም ይሁን ተራ ሠራተኛ፣ ባዶ ወንበር ይዞ ማለፍ አይፈቀድለትም።

በእኛ ከተማ ጠዋትና ማታ ግማሽ ባዶ ሆነው የሚመላለሱ የመሥሪያ ቤትና የፋብሪካ ሰርቪሶችን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሁለት አጎራባች መሥሪያ ቤቶች አንድ ሰርቪስ ቢጋሩ ሕግ መለወጥ አያስፈልግም፤ የሁለት ኃላፊዎች ስምምነት ይበቃል። በሰፈር ደረጃም ልጆቻቸውን ወደ አንድ ትምህርት ቤት የሚልኩ ወላጆች ተነጋግረው አንድ ባጃጅ በወር ቢይዙ፣ እያንዳንዱ ለብቻው ኮንትራት ከሚከፍለው በእጅጉ ያነሰ ይደርሰዋል። ዕድርና ዕቁብን ለዘመናት ያቆየ ማኅበረሰብ ይህን ማደራጀት አያቅተውም።

ባቡርና አውቶቡስ ሊረዱን ይችላሉ?

ጀርመን እ.ኤ.አ. ከሰኔ እስከ ነሐሴ 2022 ድረስ በወር 9 ዩሮ ብቻ በመላ አገሪቱ በከተማ አውቶቡሶችና በአካባቢ ባቡሮች የሚያስኬድ ትኬት አውጥታ ነበር፤ በሦስቱ ወራት 52 ሚሊዮን ገደማ ትኬት ተሸጠ። በዚያው ጊዜ የነዳጅ ግብርም ቀንሳ ነበር። ከሁለቱ ርምጃዎች በሕዝብ ዘንድ የተወደደውና በኋላ በ49 ዩሮ ተጀምሮ ቋሚ የሆነው ትኬቱ ነው፤ የግብር ቅነሳው ግን በሦስት ወሩ አበቃ። በነዳጅ ላይ የሚደረግ ቅናሽ በይበልጥ የሚጠቅመው ብዙ የሚቀዳውን ባለ ትልቅ መኪና ስለሆነ፣ የትኬቱን መመረጥ ትክክል አድርገን እናየዋለን። ስፔንም ከመስከረም 2022 ጀምሮ አዘውትረው ለሚመላለሱ መንገደኞች የከተማ ዳርቻ ባቡሮችን በነጻ አድርጋ ነበር።

አዳማ በዚህ ረገድ ከብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች የታደለች ናት። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ የሚንቀሳቀሰውም በኤሌክትሪክ ነው። ከአዳማ የሚነሣ መንገደኛ በባቡር ሲሄድ አንዲት ጠብታ ነዳጅ አያቃጥልም። እንቅፋቱ ጣቢያው ከመሃል ከተማ የራቀ መሆኑና የጉዞው ሰዓት ለዕለት ተመላላሽ ሠራተኛ አለመመቸቱ ነው። ከመናኸሪያው እስከ ጣቢያው ቋሚ ታሪፍ ያለው የሚኒባስ ተራ ቢኖርና የማለዳና የማታ ጉዞ ቢዘረጋ፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ ከሚተራመሰው መኪና ብዙውን መቀነስ በተቻለ ነበር።

ብስክሌት በአዳማ ያዋጣል?

የመሃል ከተማው አቀማመጥ ሜዳ በመሆኑ ያዋጣል፤ የቀትሩ ሙቀትና የከባድ መኪናው ብዛት ግን ያስቸግራል። ሆላንድ ዛሬ የብስክሌት አገር የሆነችው በተፈጥሮ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ እገዳ ሲጣልባት ከኅዳር 4 ጀምሮ በእሑድ ቀናት መኪና እንዳይነዳ ከለከለች፣ ሕዝቡም ባዶውን አውራ ጎዳና በእግሩና በብስክሌቱ ሞላው። በዚያው ዘመን ወላጆች ልጆቻቸው በመኪና መገጨታቸውን ተቃውመው ሰልፍ ይወጡ ስለነበር፣ ሁለቱ ግፊቶች ተደምረው ለብስክሌት የተለየ መንገድ መሠራት ተጀመረ። ኩባም በችግሯ ዘመን ከቻይና ከአንድ ሚሊዮን በላይ ብስክሌት አስገብታለች።

ከዚህ የምንወስደው፣ ብስክሌት የሚበዛው ሰው ስለተመከረ ሳይሆን ከቦቴና ከተሳቢ ጋር የማይጋፋበት መንገድ ሲያገኝ መሆኑን ነው። ልጁን በዋናው አስፋልት በብስክሌት የማይልክ ወላጅ ትክክል ነው።

ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ብገዛ ከችግሩ እወጣለሁ?

በነዳጅ በኩል አዎን፤ በሌላ በኩል ግን መመርመር ያለባቸው ነገሮች አሉ። ኢትዮጵያ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይዝ፣ ከተጨማሪ እሴት ታክስና ከሱር ታክስ ነጻ ተደርገው፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ተወሰነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ነዳጁን በዶላር እንገዛለን፣ ኤሌክትሪኩን ግን እዚሁ ከውኃና ከነፋስ እናመነጫለን። ከአዳማ ከተማ ወጣ ብሎ በኮረብታው ላይ የሚታዩት ሁለቱ የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች፣ አንደኛው 51 ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አላቸው።

ከእኛ ጋር በጣም የምትመሳሰለው ኔፓል ናት። ወደብ የላትም፣ ነዳጇ በሙሉ በሕንድ በኩል ይመጣል፣ ወንዞቿ ግን ኃይል ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የድንበር መስመሩ ለወራት ሲዘጋባት ሕዝቧ በእንጨት እስከማብሰል ደረሰ፤ ዛሬ ከምታስገባቸው የቤት መኪኖች አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ ናቸው። በርዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ደግሞ የሞተር ታክሲ ነጂዎች ባትሪያቸው ሲያልቅ ቆመው አይሞሉም፤ ጣቢያ ገብተው የተሞላ ባትሪ በመቀየር በደቂቃዎች ውስጥ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለአዳማ ባጃጆች የሚስማማው ይህኛው አሠራር ነው ብለን እናምናለን፤ የባትሪው ግዢ ከአሽከርካሪው ጫንቃ ላይ ይወርዳል፣ የቻርጅ ሰዓቱም ገቢውን አይበላበትም።

በግል ለመግዛት የሚያስብ ሰው ግን ባትሪው ስንት ዓመት ዋስትና እንዳለው፣ መለዋወጫው በከተማው መገኘቱን፣ የቤቱ መስመር ጭነቱን መቻሉንና ወደ መሬት የሚያስተላልፍ የመከላከያ ሽቦ (ኧርዝ) ያለው መሆኑን በኤሌክትሪክ ባለሙያ ያረጋግጥ። የኤሌክትሪክ ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እንዲስተካከል ስለተደረገ፣ ስሌቱን በዛሬው ታሪፍ ብቻ መሥራት ያሳስታል።

ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው ኤታኖል ምን ሆነ?

ብራዚል ከ1975 ጀምሮ ከሸንኮራ የሚገኝ ኤታኖልን፣ ማለትም ለነዳጅነት የሚውል አልኮልን፣ በስፋት ተጠቅማለች፤ ከ2003 ወዲህ ደግሞ አብዛኞቹ መኪኖቿ ኤታኖልንም ቤንዚንንም ይቀበላሉ። ኤታኖል ከቤንዚን ያነሰ ጉልበት ስላለው፣ ነጂው ማደያ ሲደርስ የኤታኖሉን ዋጋ ለቤንዚኑ ያካፍላል፤ ውጤቱ ከ70 በመቶ ካነሰ ኤታኖል ይቀዳል፣ ከበለጠ ቤንዚን። በአገራችንም ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ 5 በመቶ፣ በኋላም 10 በመቶ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ይቀላቀል ነበር፤ ለዚህም ከፊንጫና ከመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች የሚወጣው ምርት አገልግሏል። ሸንኮራው ለስኳር ራሱ በማይበቃበት ሁኔታ ግን ከዚህ ብዙ መጠበቅ አይቻልም።

የሥራ ቀን መቀነስ ይረዳል?

በናይጄሪያ እ.ኤ.አ. በ2023 የክዋራና የኤዶ ግዛቶች የመንግሥት ሠራተኞች በሳምንት የሚመጡበትን ቀን ቀንሰው ነበር። ስሪላንካም በ2022 ለመንግሥት ሠራተኞች ዓርብን ሰጥታ በጓሯቸው እንዲያመርቱ መክራለች። ለቢሮ ሠራተኛ ይረዳል፤ በዕለት ገቢ ለሚያድረው ግን ቀን መቀነስ ገቢ መቀነስ ነው።

የምነዳውን ሳልቀንስ ነዳጅ መቆጠብ የምችለው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ የጎማ ንፋስ ነው። የሰነፈ ጎማ ሞተሩን ያደክማል፤ ስለዚህ ጎሚስታ ቤት ጎራ ብሎ በአምራቹ ልክ ማስሞላት ከሁሉም የቀለለ ቁጠባ ነው። ሁለተኛው ፍጥነት ነው፤ የአየሩ ግፊት ከፍጥነቱ በላይ ስለሚያድግ በፍጥነት መንገዱ ላይ ከ120 ይልቅ በ90 መሄድ ጥቂት ደቂቃ ያስረዝማል፣ ነዳጁን ግን በሚታይ መጠን ይቀንሳል። በተለይ አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆኑ ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ በአጠቃላይ ዳገት ነው፤ ያልተፈለገ ጭነት ከመኪናው ማውረድ የሚጠቅመው ያን ጊዜ ነው። በመናኸሪያ ተራ እየጠበቁ ሞተር አስነሥቶ ማቆየትም ያለ አንዳች ጥቅም ነዳጅ ይፈጃል።

ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ ይቆጥባል የሚሉ አሉ። በኮምፒውተር የሚሠሩ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው ሲወርዱና እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ ነዳጁን ራሳቸው ያቋርጣሉ፤ በፎሌ ሲሆኑ ግን እንዳይጠፉ ማቃጠላቸውን ይቀጥላሉ። በአሮጌው ካርቡሬተር ጥቂት ቢቆጥብ እንኳ ፍሬኑ ግሎ እንቢ ሲል የሚከፈለው ዋጋ የሰው ሕይወት ነው። ጠዋት የተቀዳ ቤንዚን ይበረክታል የሚለውም ብዙ መሠረት የለውም፤ የማደያው ጋን ከመሬት በታች ስለሚቀበር ሙቀቱ በጠዋትና በቀትር መካከል እምብዛም አይለዋወጥም።

ማደያ ሲጠፋ በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን ገዝቼ ቤት ባስቀምጥ ችግር አለው?

አለው፤ ችግሩም ከዋጋው ይልቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ አይበንንም፤ በወለሉ ላይ ተዘርግቶ በበር ሥር አልፎ ሌላ ክፍል ይደርሳል። ጓዳ የተቀመጠ ጀሪካን ትንሽ ቢያፈስስ ሳሎን ቡና የሚፈላበት የከሰል ምድጃ ሊያቀጣጥለው ይችላል፤ ነበልባሉም ወደ ጀሪካኑ ይመለሳል። በአዳማ ሙቀት የውኃ መያዣው ጠርሙስ ይነፋል፣ ክዳኑም ያፈስሳል። በተጨማሪም በመንገድ የሚሸጠው ነጭ ጋዝ ወይም ውኃ ተቀላቅሎበት ሊሆን ስለሚችል ሞተሩን ይጎዳል።

ለሥራው ግዴታ ነዳጅ መያዝ ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ ጄኔሬተር ያለው ነጋዴ፣ ለነዳጅ በተሠራ መያዣ፣ እስከ አፉ ሳይሞላ፣ ከመኖሪያው ተለይቶ አየር በሚገባበት ጥላ ቦታ ያስቀምጥ። እሳት ቢነሣ ውኃ አይደፋበትም፤ ቤንዚኑ በውኃው ላይ ተንሳፍፎ እሳቱን ያስፋፋዋልና። እሳቱ ገና ትንሽ ሳለ በደረቅ አሸዋ ወይም ለዚህ በተዘጋጀ የእሳት ማጥፊያ ማፈን ይቻላል፤ ካልሆነ ግን ሰዎችን አስወጥቶ፣ በሩን ከኋላ ዘግቶ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን መጥራት ይገባል።